በታምቡር ውስጥ የተደበቀ ቢጫ

ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዳንግላ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በቆርቆሮ በተከለለች አንዲት ክፍል የባጃጅ ፍሬን እሠራ ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። ሙያውን ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ ሰው የለም። መለዋወጫ ሱቅ ተቀጥሬ ሳለሁ፣ ዕቃ ሊገዙ የሚመጡትን መካኒኮች «ይኼ ደግሞ የት ነው የሚገባው?» እያልኩ መቆሚያ መቀመጫ ሳሳጣቸው፣ አንዳንዱ ከአፌ ለመገላገል ሲል ጋራዡ ድረስ ወስዶ ያሳየኝ ነበር። የቀረውን ኔትወርክ ባለ ቀን ከስልኬ ላይ አየሁ። ኔትወርክ በሌለ ቀን ደግሞ እየፈታሁ አበላሸሁ። ማበላሸትን የሚያህል መምህር የለም፤ ተማሪውን ግን ያስለቅሳል።

አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ በዓለም ላይ የሚሳሱላቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ አንድ ቦራ ፈረስ እና ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ አንዲት ሰማያዊ ቮልስ። ሚስታቸው እትዬ በሦስተኛነት ይመጣሉ። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፣ ራሳቸው እትዬ ናቸው። አጎቴ የታወቁ ፈረሰኛ ናቸው። ጥር ላይ እንጅባራ ከሚከበረው የፈረሰኞች በዓል ቀርተው አያውቁም። መኪናዋንም የያዟት እንደ ፈረስ ነው። ከመነሳታቸው በፊት ጣሪያዋን መታ መታ ያደርጓታል፤ ዳገት ላይ ስታቃስት ወደ ፊት ጎንበስ ይሉላታል፤ ሲደርሱም ሳያመሰግኗት አይወርዱም። ደግሞ ሰውን በአማርኛ፣ ፈረሱንና መኪናዋን በአዊኛ ነው የሚያናግሩት። «ለምን በአማርኛ አያናግሯትም?» ስላቸው፣ «አማርኛ ለቢሮ ነው። እሷ ምን ቢሮ አላት?» ብለውኛል።

ነገሩ የመጣው ከዓመታዊው የመኪና ምርመራ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ታኅሣሥ እንጅባራ ወስደዋት፣ መርማሪው ፍሬን ያዙ ሲላቸው ያዙ፤ መኪናዋ ወደ ቀኝ ሸሸችና የመርማሪውን ወንበር ገጭታ ጣለችው። ደግነቱ ልጁ ተነሥቶ ቆሞ ነበር። ሁለት ጊዜ አሠርተው ተመላልሰው በመከራ ነው ያለፈችው። ያን ጊዜም መርማሪው፣ «አባቴ፣ የዛሬ ዓመት መጀመሪያ በመጡበት ቀን ቀጥ ብላ ካልቆመች ሰሌዳዋን ፈትቼ አስቀራለሁ» ብሎ አሰናበታቸው።

እትዬ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። ጽዋ ማኅበር እቤታቸው በሆነበት ቀን፣ እንግዳው ሁሉ ቁጭ እንዳለ፣ «ሰሌዳ የሌላት መኪና ምን ልትሆን ነው?» አሉ። «ጣሪያ አላት፣ መስኮት አላት፣ በር አላት፣ ሸለምጥማጥ አያስገባ። ለዶሮ ከዚህ የተሻለ ቤት በዳንግላ የለም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አጎቴ ደማቸው ፈላ። «ካላለፈች ውሰጃት!» አሉ። «ዶሮሽን አይደለም በግሽን አስገቢባት!»

በማኅበርተኛ ፊት፣ ያውም ንስሐ አባት በተቀመጡበት የወጣ ቃል አይመለስም። እትዬ በማግስቱ የኋላ ወንበሩን በስንዝር ሲለኩ እኔው በዓይኔ አይቻለሁ። «እዚህ ጋ ቆጥ አጋድምበታለሁ» አሉኝ፣ ምንም ሳያፍሩ።

እናም ዓመቱ ዞሮ የገና ጾም ሲገባ አጎቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ ቆርቆሮ ክፍሌ መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ከባጃጅ ሌላ ታውቂያለሽ?»

«ፍሬን ፍሬን ነው፣ ጋሼ። እግሩ ሦስትም ሆነ አራት።»

«ይቺ ልጅ ዶሮ ቤት ከሆነች እኔ እዚህ አገር አልቀመጥም።»

«ልጅ» ያሉት መኪናዋን ነው።

አጎቴ ግቢ፣ በቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ አንዱን ጎማ አውልቄ ታምቡሩን ሳብኩት። ታምቡር የምንለው ጎማው የሚታሰርበት፣ እንደ ድስት ያለ ክብ ብረት ነው፤ የፍሬን ሸራው ከውስጡ ሆኖ ሲከፈት ያንን ድስት ይዞ መኪናውን ያቆማል። ውስጡ የአርባ ዓመት አፈር፣ ዘይትና ዝገት ተጋግሮበታል። ሞላዎቹን ከማንጠልጠያቸው ነቅዬ በጨርቅ ስጠርግ ነው እንግዲህ ጉዴ የፈላው። አንዱ ሞላ ብረቱን ነክሶ በያዘበት፣ አፈርም ውሃም ባልደረሰበት ቦታ ላይ፣ የጥፍር ያህል ቢጫ ታየችኝ። ዝም ያለ ቢጫ አይደለም። ወርቅማ ሆኖ፣ ወደ ፀሐይ ሲያዘነብሉት አረንጓዴና ሮዝ የሚል፣ የጥንዚዛ ጀርባ የመሰለ። ከፋብሪካ የወጣችበት ቀለም ነው። ቀጥዬ ሸራዎቹ የሚታሰሩበትን የኋላ ሳህን ፋቅሁት፤ እሱ ደግሞ ቀለም ያልሆነ፣ ብረቱ ራሱ ጠጥቶ የጠቆረው ድፍን ጥቁር። ታምቡሩ ከውጭ የሚያብለጨልጭ ጥቁር። አንድ ሰው፣ በማላውቀው አገር፣ እኔ ሳልወለድ፣ ይህን ሁሉ ለይቶ ለየብቻ አሳምሮታል።

በቃ፣ እንደዚያው ካልመለስኩት ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

«ማን ሊያየው ነው?» አሉኝ አጎቴ። «ተዘግቶ እኮ ነው የሚቀመጠው።»

«የፋብሪካውም ሰው ተዘግቶ እንደሚቀመጥ እያወቀ ነው የቀባው።»

ጥቂት አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነሽ። የኮርቻም ሆዱ ማንም ሳያየው በክር ይሰፋል።»

ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ዝገቱን በሎሚና በአቸቶ ዘፍዝፌ አስለቀቅሁት። ሳህኖቹን በከሰል ፍም አግዬ የኑግ ዘይት ውስጥ እየነከርኩ አጠቆርኳቸው፤ ጭሱ የጎረቤቱን ሁሉ ዓይን አስለቀሰ። እትዬ ከማጀት ብቅ ብለው፣ «ምን ትጠብሻለሽ?» ሲሉኝ፣ «ብረት ነው እትዬ፣ በዘይት ነው» አልኳቸው። «ደግ፤ የጾም ነው» ብለው ተመለሱ። ሞላዎቹንና ትናንሾቹን ብሎኖች ደግሞ በአቸቶና በጨው ውሃ ውስጥ አጋድሜ፣ ካለቀ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ የላጥኩትን ቆርቆሮ ከጎናቸው አንጠልጥዬ፣ አንዱን ሽቦ ከዚህ ሌላውን ከዚያ በስልክ ቻርጀር አገናኘኋቸው። መብራት ሲኖር የባትሪው ብረት ሞላው ላይ እየተለጠፈ ነጣ፤ መብራት ሲጠፋ እኔ ቁጭ ብዬ ጸለይኩ።

ነጭነቱ መጣ። ቢጫው ግን ከየት ይምጣ? የፋብሪካው ቢጫ በመርዝ ኬሚካል የሚሠራ ነው፤ እሱን ዳንግላ ላይ ብፈልግም አላገኝ፣ ባገኝም አልነካ። ሦስት ቀን አስቤ በአራተኛው ቀን አንድ እንጨት ሠሪ ዘንድ ሄጄ ለቁም ሳጥን ማብለጭለጫ ከሚቀባው ኮማላካ ጥቂት ለመንኩ። በአልኮል አሟሟሁት። ከዚያ ከእትዬ ማጀት አንድ ጭብጥ እርድ ሰረቅሁና ዘፍዝፌ፣ አጥልዬ፣ ደባለቅሁበት። ሞላውን አንዴ ነክሬ ወደ ፀሐይ ሳወጣው… ጥንዚዛዋ! ራሷ! ብቻዬን እልል አልኩ። አጎቴ የሆነ ነገር የሆንኩ መስሏቸው ሮጠው መጡ።

ማክሰኞ ዕለት ሁሉንም ዕቃ ጆንያ ላይ ዘርግቼ ደርድሬው፣ አዲስ የፍሬን ዘይት ልገዛ ሱቅ ሄድኩ። ምርመራው ሐሙስ ነው። ስመለስ አጎቴ እዚያው ጆንያው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ለጥር በዓል የፈረሳቸውን ጠፍርና ልጓም ያሰናዳሉ። ሰላም ብያቸው መግጠም ጀመርኩ። ሸራዎቹ ጠዋት ከነበሩት ትንሽ የጠቆሩ መስለውኛል፤ ጥላ ይሆናል አልኩ። እውነቱን ልናገር አይደል፣ ዓይኔ ሞላዎቹ ላይ ነበር። መኪና የሚያቆመው ሸራው ነው፤ እኔ ግን የማየው የሚያምረውን ነበር።

አራቱም ጎማ ተገጠመ። አጎቴ መሪውን ያዙ፣ እኔ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። አስፋልቱ ላይ ወጣን። አጎቴ አዲስ ፍሬን ነው ብለው ሲፈትኑ፣ እግራቸውን ከፔዳሉ አላነሣ አሉ። መኪናዋ መጀመሪያ ያዝ ለቀቅ ታደርግ ነበር። «ገና ስላልተላመደ ነው» አልኩ፣ እንደ ዐዋቂ። ከዚያ ወደ ቤት የሚያስገባውን ቁልቁለት ጀመርን።

«ጋሼ፣ ፍሬን።»

«ይዣለሁ።»

«አልያዙም!»

«እኔማ ይዣለሁ፤ እሷ ናት ያልያዘችው!»

የእጅ ፍሬኑን እኔ ሳብኩት። እስከ ጣሪያ ቢሳብ ምንም የለም። «ማርሽ ይቀንሱ!» ብዬ ጮህኩ። አጎቴ ማርሹን ትተው መሪውን በሁለት እጃቸው ወደ ደረታቸው ሳቡት፤ ልጓም መሆኑ ነው። ቁሚ፣ ቁሚ፣ ቁሚ አሏት በአዊኛ። እሷ እቴ! በገዛ በራችን ላይ አለፈች። እትዬ በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን እያውለበለቡልን ነበር፤ ሰላምታ የሰጠናቸው መስሏቸው ይሆናል። ከዚያ ማዶ የጎረቤት የጤፍ ጭድ ክምር ነበር። እግዜር ይስጠው፤ እስከ በሮቹ ድረስ ዋጠንና አቆመን።

አጎቴ ከቆባቸው ላይ ጭድ እያራገፉ፣ «ተረፍሽ?» አሉ። እኔን መስሎኝ «ደህና ነኝ» አልኩ። ዳሽቦርዱን እየደባበሱ ነበር።

ከዚያ ነው ሽታው የመጣው። ከአራቱም ጎማ ቀጭን ጭስ ይወጣል። ጭሱ የተቃጠለ ፍሬን አይሸትም። አንድ የጎረቤት ሴት ካጥር በላይ አንገቷን አሰገገች።

«በስመ አብ! በገና ጾም ቅቤ የምታነጥረው ማን ናት?»

«እርድም አለው» አለች ሌላዋ። «አልጫ ነው።»

«ከየት ግቢ ነው?»

«ከእትዬ ግቢ ነዋ! ነፋሱ ከዚያ ነው።»

እትዬ በቁጣ ወጡ። «እኔ? እኔ ሽሮ ነው የጣድኩት! ኑ ግቡ፣ ድስቴን ክፈቱ! አርባ ዓመት ስጾም በኖርኩበት ሰፈር…» እያሉ ሲመጡ ከጭዱ የሚወጣው ጭስ አፍንጫቸው ውስጥ ገባ። ቆሙ። ሽታውን ሳቡት። መኪናዋን አዩ፣ ባላቸውን አዩ።

«አንተ ሰውዬ።»

አጎቴ መሬት መሬት ያያሉ።

«ለጠፍሩ ብዬ የሰጠሁህን ቅቤ የት አደረስከው?»

«ተረፈኝ» አሉ አጎቴ፣ በትንሽ ድምፅ። «የፍሬኑ ሸራ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ አየሁት። አሳዘነኝ። ጠፍር ሲደርቅ ቅቤ ይጠጣል። ልጅቷ ሁለት ሳምንት ስትለፋበት ቆይታ ይህን ብቻ ረሳችው ብዬ… እሳት አስጠግቼ አቅልጬ በደንብ አሸሁላት። ስምንቱንም።»

ሳቄን ላድርግ ወይስ ለቅሶዬን፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ። ፍሬን ሸራ ደረቅ ካልሆነ ፍሬን አይደለም። አጎቴ ግን በሕይወታቸው ያዩት ደረቅ ነገር ሁሉ የሚድነው በቅቤ ነው፤ ጠፍሩም፣ ልጓሙም፣ የራስ ቆዳም። አልተቆጣኋቸውም። የጠቆረውን ሸራ ያየሁት እኔ ነኝ፣ ዝም ብዬ የገጠምኩትም እኔ ነኝ።

ቅቤ የጠጣ ሸራ አይታጠብም፤ ይጣላል። ባሕር ዳር ላሉ መለዋወጫ ሻጭ ደወልኩ። «ለቮልስ? አሁን? ሙዚየም ከፍተሽ ነው?» ብለው ሳቁብኝ፤ ቢሆንም አንድ ሙሉ ምድብ መጋዘን ውስጥ ነበራቸውና ረቡዕ ጠዋት በሚኒባስ ላኩልኝ። እኔ መናኸሪያ ሄጄ ዕቃዬን ስጠብቅ፣ ቅቤ የነካውን ታምቡር፣ ሳህንና ሞላ ፈታትቼ ቤት ትቼው ነበር።

ስመለስ እትዬ እጅጌያቸውን ሰብስበው ትልቁ በርሜል አጠገብ ቆመዋል። ያን ሁሉ ጊዜ «ዶሮ ቤት» ሲሉ የከረሙት ሰው! «ሰፈሩ በጾም ቅቤ አነጠረች እያለኝ እኔ አልተኛም» አሉኝ። «ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ አይለቅም። አመድ፣ ሳሙና፣ የፈላ ውሃ። እይው፣ ሽታ የሚባል የለውም።»

ታምቡሮቹ እንደ መስታወት ጠርተዋል። ሳህኖቹም ደህና ናቸው። ከዚያ ሞላዎቹን ከበርሜሉ አወጣኋቸው። ቀይ! ዝንጉርጉር፣ የበርበሬ ድልህ የመሰለ ቀይ!

«እትዬ! ቢጫ እኮ ነበር!»

«ታዲያ እርድ ቀብተሽበት ምን ልታገኚ ነው? እርድ ነጠላ ላይ ፈስሶ ሳሙና ሲነካው ይቀላል፤ ይህን አታውቂም? አንቺ ማጀት ገብተሽ አታውቂም እንዴ?»

ስንት ነገር ከስልኬ ተምሬ፣ ይህን አላውቅም ነበር።

ፍቄ እንደገና ልቀባው ብል ኮማላካው እስኪደርቅ ቀን ይፈልጋል። ነገ ሐሙስ ነው። አጎቴ ከአጠገቤ ቁጢጥ ብለው ሞላውን አገላበጡት። «ትይዛለች አይደል?» አሉ። «ትይዛለች።» «ታዲያ ቀይም ያምርባታል።» እያመመኝ ቀዩን እንዳለ ከአዲሱ ሸራ ጋር ገጠምኩት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቁልቁለቱን አሥር ጊዜ ወረድን፤ አሥሩንም ጊዜ በራችን ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። እትዬ በየተራው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው አዩን።

ሐሙስ ማለዳ በአዲስ ቅዳም ከተማ በኩል አድርገን እንጅባራ ገባን። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። መርማሪው ገና ከሩቅ ሲያየን ወንበሩን አንሥቶ ግድግዳ ሥር አስጠጋ። ከዚያ ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ቆመና፣ «እጄን ስጥል ይያዙ» አለ። አጎቴ መጡ፤ እጁን ጣለ፤ ያዙ። መኪናዋ የተተከለ ችካል ሆነች። አጎቴ ቆባቸው ወልቆ መስታወቱን መታው። ወደ ቀኝም ወደ ግራም አንዲት ጣት አልተዛነፈችም።

«እሰይ!» አልኩ ከዳር ሆኜ።

«ቆይ፣ እህቴ» አለ መርማሪው። ከታምቡሩ ላይ ለማስተካከያ የተተወች ትንሽ ቀዳዳ አለች። ተንበርክኮ በስልኩ መብራት በእሷ አጮለቀ። ቅንድቡ ተሰበሰበ። «ውስጡ በዝገት ቀልቷል እኮ! ሞላው እንዲህ ዝጎ ነው? ነገ ቢበጠስስ?»

አጎቴ መሪውን ጨብጠው ቀሩ። ሰሌዳዋ ስትፈታ፣ ቆጡ ሲጋደም እየታያቸው እንደሆነ ከፊታቸው አነበብኩ።

«ዝገት አይደለም» አልኩ። «የፋብሪካ ቀለሙ ነው። ማለቴ፣ የፋብሪካው ቢጫ ነበር፤ እኔ በእርድ መለስኩት፤ እሳቸው ቅቤ ቀቡት፤ ሚስታቸው በሳሙና ሲያጥቡት ቀላ።»

መርማሪው ከተንበረከከበት ተነሣ። «ጎማውን አውልቂው» አለ።

እዚያው መሬት ላይ ተንበርክኬ አወለቅሁ፤ ታምቡሩን ሳብኩ። አንዱን ሞላ በጥፍሩ ፋቀው። ከቀዩ ሥር ነጩ የባትሪ ብረት ብልጭ አለ፤ የዝገት ዘር የለበትም። ጥፍሩን አሸተተ። «እርድ» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ከዚያ ወደ ቢሮው ዞሮ ተጣራ፤ «ኑ እስቲ! ኑ! ወጥ የተሠራባት መኪና ኑ እዩ!» ሦስት ሰዎች ወጥተው ጎንበስ ብለው አዩ። አንዱ ሽማግሌ የጠቆረውን ሳህን በጣታቸው መታ መታ አድርገው፣ «ይኼስ? እንዲህ ያለ ጥቁር ካየሁ ስንት ዘመኔ» አሉ። «የኑግ ዘይት ነው» አልኳቸው። «አዬ፣ ይቺ መኪና ከእኔ የተሻለ ትበላለች።» ይህን ሰምቼ ሁለት ሳምንት የለፋሁበት ድካም ሁሉ ከትከሻዬ ወረደ። አንድ ሰው አየው በቃ።

መርማሪው ወረቀቱን ፈረመ። «አባቴ፣» አላቸው አጎቴን ቦሎውን ሲሰጣቸው፣ «ፈረሱን ቅቤ ይቀቡት። ይቺን ለልጅቷ ይተዉላት።»

«አሜን» አሉ አጎቴ።

ዳንግላ ስንደርስ እትዬ በር ላይ ነበሩ። መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን አዲሱን ቦሎ አዩት። ማንበብ ባይችሉም ምን እንደሆነ ያውቁታል። «እንኳን አለፈች» አሉና ወደ ማጀት ገቡ፤ ከልባቸው ይሁን አይሁን አላወቅሁም።

አጎቴ በማግስቱ፣ ዓርብ ጠዋት፣ ገበያ ሄደው ቀርከሃ ገዝተው መጡ። ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ጋር አያይዘው ለእትዬ ዶሮ ቤት ሠሩላቸው። ሁለት ቀን ፈጀባቸው።